ሰውየው አልሰማ ይሆናል

ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት ወረቀት ስትጠብቅ ሦስት ሳምንት የከረመችው ደራሲ፣ ሐሙስ ጠዋት ትዕግሥቷ ተሟጠጠ።

የወረቀቷን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ እናስረዳ። መጽሐፏ በሚታተምበት ማተሚያ ቤት አንድ የቆየ አሠራር አለ። አራሚው፣ ማለትም መጽሐፉ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ስህተት የሚለቅመው ሰው፣ ግር የሚል ነገር ሲያጋጥመው ገጹን አያበላሽም። በቁራጭ ወረቀት ላይ የገጹን ቁጥርና ጥያቄውን ጽፎ በአግራፍ ያያይዛል፤ ደራሲው ደግሞ መልሱን ከጀርባው ጽፎ ይመልሳል። ደረቅ ሥራ ነው። «ገጽ 12፦ ዓመቱ ይጣራ።» «ገጽ 19፦ ወንድም ነው ወይስ የአጎት ልጅ?» ከዚህ ውስጥ ፍቅር ይወጣል ብሎ የሚጠረጥር ጤነኛ ሰው የለም። ወጣ እንጂ!

መጽሐፉ የገዛ ሕይወቷ ታሪክ ነው። እናቷ የሰፈር ልብስ ሰፊ፣ አባቷ ድልድይ ሊሠራ የመጣ ነጭ መሐንዲስ ነበር። እሷ አራት ዓመት ሲሞላት ድልድዩ አለቀ፤ አባቷም ከነመሣሪያው ተጭኖ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ በወጡ ቁጥር ያገኛቸው ሰው ሁሉ እናቷን «የማንን ልጅ ነው የምትጠብቂው?» ይላታል። ትምህርት ቤት ስትገባ የአባት ስም በሚለው ቦታ የእናቷ አባት ስም ተጻፈ። በሃያ አራት ዓመቷ የአባቷን እህት ፍለጋ ባሕር ተሻገረች። ሰፈሯ ውስጥ «ነጯ» ስትባል ያደገችው ልጅ እዚያ ከአውሮፕላን ስትወርድ ጥቁር ሆና ወረደች። አክስትየዋ በር ላይ አቁማ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ከወንድሜ የወሰድሽው ጆሮውን ብቻ ነው» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ይህን ሁሉ ከማንም በፊት ያነበበው አራሚው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወራ ምላሱ የሚተሳሰር፣ ቀይ ብዕሩን ሲይዝ ግን ሌላ ሰው የሚሆን ልጅ ነው። አንድ ቀን እንዲህ የሚል ወረቀት ደረሳት።

«ገጽ 31፦ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ዝናብ ይጥል ነበር ይላል። ጃንጥላው የማን ነበር?»

«ጃንጥላ አልነበረንም፤ በሰበስን» ብላ ከጀርባው ጻፈች።

በማግሥቱ ሌላ መጣ። «ገጽ 31፣ ድጋሚ፦ ለወደፊቱ እኔ ዘንድ አንድ አለ።»

እንደ ሞኝ ብቻዋን ሳቀች። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ይኸኛው መጣ። «ገጽ 88፦ ስለ ጆሮሽ የተጻፈውን ማረጋገጥ አልቻልኩም። በሚቀጥለው ስትመጪ ፀጉርሽን ወደ ኋላ ብታስሪው ሥራው ይቀላል።» እሷም «አራሚ እዚህ ድረስ ሥልጣን አለው እንዴ?» ብላ በቁጣ መለሰችለት፤ በነጋታው ግን ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ወደ ኋላ አስራ ሄደች። እሱ ቀና ብሎ አየ። «ትክክል ነው» አለ፤ ብዕሩ ከእጁ ወድቆ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ሊያነሣ ገብቶም ለረጅም ጊዜ አልወጣም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት መቶ ገጽ ጨረሱ። ከዚያ ወደ እናቱ ቤት ለምሳ ወሰዳት፤ ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ነው።

እናቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ክፍል ገብተው ሲወጡ ዝንብ እንኳ ፈቃድ ሳትጠይቅ አትበርም ነበር ይባላል። ያን ቀን ሰሐኑ ሁሉ ከተደረደረ በኋላ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩዋት። አባትሽ የት አሉ? አላውቅም። ዘመዶቻቸውስ? አንዲት አክስት አለች፣ አንገናኝም። በመጨረሻ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ታዲያ አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ነሽ?» አሉ። ልትመልስ አፏን ስትከፍት የሰላጣውን ሳህን አሳለፉላት። ዞራ እሱን አየችው። እሱ ሹካውን ሳህኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። አንድ ቃል አልወጣውም።

ስትወጣ በር ላይ ደረሰባት። ኪሱ ውስጥ ወረቀት ሲፈልግ አየችና ደሟ ፈላ። «ወረቀት ላይ ጀግና ነህ» አለችው። «አፍህ ግን የእናትህ ነው። የምትለኝ ካለህ በአፍህ በለኝ፤ ከዚያ በፊት ስልክም አትደውል።»

ቤቷ ገብታ የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ በአንድ መቀመጫ ጻፈች። ምሳውን፣ ጥያቄውን፣ ሰላጣውን፣ ሹካውን፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጇ ዛለ። ዓይኗ ውሃ እንዳቀረረ እንዲህ ብላ አለፈችው፦ «ሰውየው አልሰማ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ማሽን አጠገብ የሚውል ሰው ጆሮው ይደክማል።»

በመጽሐፉ ውስጥ ያለች ብቸኛ ውሸት ይቺ ናት። ደራሲዋም ታውቃለች።

አራቱን ገጽ ለማተሚያ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሰጥታ ተመለሰች። እንግዲህ የገዛ ዝምታውን የሚያርመው ራሱ ነው። በአፍህ በለኝ ያለችው እሷው ብትሆንም ልቧ ከወረቀቱ አልተላቀቀም። ጥያቄ ያያይዝ ይሆን? ምን ይል ይሆን? አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት አለፈ፤ ሦስተኛውም ሄደ። ሐሙስ እስከ እኩለ ቀን ድረስ «ይታተም» የሚለው ቅጽ ላይ ካልፈረመች መጽሐፉ ተራውን ያጣል፤ ከአራሚው ግን ወፍ የለም።

*

«ወረቀቱ መጣ?» አለች እናቷ፣ ከንፈሯ መሐል የያዘቻቸውን አራት ስፒሎች ሳታወጣ።

«አልመጣም።»

«እንግዲያው አንቺ ሂጂበት።»

«እኔ? ሞቼ ነው!»

«ከሞትሽ ይኼን ቀሚስ ለጎረቤታችን ልጅ ላሳጥረው» አለችና ስፒሎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ሰካች። «ቁሚ ቀጥ ብለሽ። ትከሻሽን ምን አጎበጠው?»

ደራሲዋ ቀጥ ብላ ቆመች። መስተዋቱ ውስጥ እናቷ ከጉልበቷ በታች ተንበርክካ ጠርዝ ትለካለች። ጥቁር፣ ደርባባ፣ አንገቷ ላይ ሜትር የተጠመጠመባት ሴት። ደግሞ የራሷን ፊት አየች። ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለት ፊቶች አስተያይቶ የጎደለውን ሦስተኛ ሰው ነው የሚፈልገው።

«እማዬ፣ መጽሐፉ ሲወጣ ሰው ምን ይልሻል? አይከፋሽም?»

«ሰው ያኔ ሲል የኖረውን ይላል። እኔ ለምጄዋለሁ።» እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል፣ ቀዮ። ከልጅነትሽ ጀምሮ የሚጠይቅሽ ሁሉ ስለ ግማሽሽ ነው የሚጠይቅሽ። ስለ ሄደው። የቀረው ግማሽ እኮ የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድኩም። እስቲ አንድ ቀን አንድ ሰው ስለኔ ይጠይቅሽ።»

ይህን ስትል በቅሬታ አልነበረም፤ እየሳቀች ነው። ልጇ ጎንበስ ብላ የእናቷን አናት ሳመችና ቀሚሱን እንደለበሰች፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ስፒል እንደተሰካ፣ ወጣች። መንገዱን በሩጫ ነው የጨረሰችው።

*

ማተሚያ ቤቱ የሚሰማው ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ ነው። ትልቁ ማሽን ሲሠራ የበሩ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ የቀለሙ ሽታ ጉሮሮ ድረስ ይገባል። የአራሚው ክፍል ከማሽኑ አዳራሽ በአንድ ቀጭን ግድግዳ የተለየች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መብራት ብቻ የምትይዝ ናት። ደራሲዋ ገፋ አድርጋ ገባች።

የለም። ወንበሩ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን የራሷን ቃል አየች። ገጽ 201፣ 202፣ 203፣ 204። አራቱም ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ጥግ በቀይ ብዕር ተሰርዘዋል። አግራፍ የለም፤ ጥያቄ የለም። አንድ ረጅም ቀይ መስመር ብቻ በምሳው ላይ፣ በሰላጣው ላይ፣ በእሷ ላይ አልፏል።

ገልብጣ ከጀርባቸው አየች፤ ምንም የለም።

ስለ ቆዳዋ የጻፈችውን አንድ ነጥብ ሳይነካ አሳለፈው። ስለ አባቷ፣ ስለ አክስቷ፣ ስለ ውርደቷ ሁሉ ሲያነብ አላፈረም። የራሱ ተራ ሲደርስ ግን ሰረዘው! ወረቀቶቹን ሰበሰበች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ንዴቱ ቀደማት።

ወደ ማሽኑ አዳራሽ ስትገባ የፎርማኑ ዓይን ነው ቀድሞ ያያት። ፎርማኑን ሁሉም ጋሼ ቀለም ይላቸዋል፤ ጥፍራቸው ሥር የገባው ቀለም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። «ደራሲዋ! ለፊርማ መጣሽ?» ብለው ቅጹን እያውለበለቡ ተቀበሏት።

«አልፈርምም!» ብላ ጮኸች። «መጽሐፌን እወስዳለሁ!»

ጋሼ ቀለም አልሰማ ብሏቸው እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ደገኑ። ማሽኑ ያጓራል። ወረቀት የሚያጥፉት ሴቶች ማጠፉን ሳያቆሙ አንገታቸውን ብቻ አሰገጉ።

አራሚው በዚያው ቅጽበት በዋናው በር ገባ። የሱሪው እግር የብስክሌት ሰንሰለት እንዳይበላው በላስቲክ ታስሯል፤ ደረቱ ላይ ቦርሳ አቅፏል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ሲያያት ፊቱ በራ። ያ ብርሃኑ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። ሄዳ አራቱን ወረቀት ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«ይህ ነው መልስህ?»

እሱ ወረቀቶቹን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከጩኸቱ የተነሣ ምንም አልተሰማም።

«ሁለት መቶ ገጽ ስለኔ ስታነብ አንድ ቃል ጠላህ? ስለ አንተ አራት ገጽ ብጽፍ ከበደህ? ሁሉም ሰው ነው እንዴ የኔን ነገር የሚሰርዘው? አባቴ ሰረዘኝ፣ አክስቴ በር ዘጋችብኝ፣ አንተ ደግሞ በቀለም! እኔ ጅሏ ጆሮህ ደክሞት ነው ብዬ ጻፍኩልህ! እኔ እኮ...»

ጋሼ ቀለም ሳይሰሙ መዳኘት አልሆን ቢላቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያ በመዳፋቸው መቱት። ማሽኑ ቀጥ አለ። በዚያ ድንገተኛ ጸጥታ መሐል የደራሲዋ ድምፅ እስከ ጣሪያው ደረሰ፦

«...ወድጄህ ነበር! ከነፈሪነትህ ወድጄህ ነበር!»

ከአጣፊዎቹ አንዷ «እሰይ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ደራሲዋ ፊቷ ጆሮዋ ድረስ በርበሬ መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ከተናገረች ተናገረች፤ አንገቷን አላቀረቀረችም።

አራሚው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ነው፤ ቁራጭ ወረቀት፣ ከዚያ ብዕር።

«እንዳትጽፍ!» አለችው።

እጁ እንደተዘረጋ ቆመ። ብዕሩን አየው። ከዚያ ሁሉም እያየው ብዕሩን መዳፏ ውስጥ አስቀመጠውና ባዶ እጁን ቀረ።

«አልሰረዝኩትም» አለ። «ማለቴ ሰርዣለሁ። ግን ምዕራፉን አይደለም። ወረቀቱን ነው። ይህ... ይህ የሞተ ወረቀት ነው።»

«ምን?»

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ ጋሼ ቀለም። «አዲስ ሲወጣ አሮጌውን ከጥግ እስከ ጥግ እንሰርዘዋለን፤ ተሳስተን እሱን እንዳናትም። አንዴ ሳንሰርዝ ቀርተን የሠርግ ጥሪ በድሮው እጮኛ ስም አትመን፣ ሰዎቹ ሊገድሉን ነበር።»

ሳቅ ተሰማ። ደራሲዋ አልሳቀችም። «እኔ ያላየሁት አዲስ ለምን ይወጣል? ምኑን ቀየርከው?»

«ፊደል አልነካሁም» አለ አራሚው። አሁን ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቆመም። «አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ተውኩ። ገጽ ሁለት መቶ ሦስት። "ሰውየው አልሰማ ይሆናል" የሚለው። ስህተት ነው። ሰውየው ሰምቷል።»

ጋሼ ቀለም ቅጹን አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ሰምቻለሁ» አለ። «የማን ነሽ ስትልሽ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። አፍሽን ስትከፍቺ አይቻለሁ። ሰላጣውን ስታሳልፍ አይቻለሁ። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ስትናገር ዝም ብዬ ነው የኖርኩት፤ ያን ቀንም ዝም አልኩ። ጆሮዬ ደህና ነው። ፈርቼ ነው።» እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ሱሪው ላይ ጠረገው። «ይህን ወረቀት ላይ ሦስት ሳምንት እየጻፍኩ ስቀድ ከረምኩ። በአፍህ በለኝ ብለሽኝ ነበር። አፍ ደግሞ መጀመሪያ ዝም ባለበት ቦታ ሄዶ መናገር አለበት ብዬ...»

«ምን አደረግህ?»

«ቅዳሜ እናቴ ጋ ሄድኩ። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ምዕራፉን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ከ"ሰሐኑ ተደረደረ" ጀምሮ። ያቺ ቦታ ስደርስ አቆምኩና "እማዬ፣ ይቺ ውሸት ናት፤ እኔ ሰምቼ ነበር፣ ያፈርኩት ግን በሷ አይደለም፣ ባንቺና በራሴ ነው" አልኳት።»

«ያለ ፈቃዴ አነበብክላት?» አለች ደራሲዋ፤ ቁጣው ግን ከድምጿ እየሸሸ ነበር።

«አዎ። አጥፍቻለሁ። ከፈለግሽ ለዚህም ተቆጪኝ።»

«ከዚያስ?» አሉ ጋሼ ቀለም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። "ሙሉውን አምጣው" አለችኝ። ሰጠኋት። አራት ቀን በር ዘግታ አነበበች። ትናንት አዲሱን እርማት ይዤላት ብሄድ እሱንም ቀማችኝ፤ "ጥያቄ አለኝ፣ ሳልጽፍ አልመልስም" ብላ ዛሬ ጠዋት ነው የለቀቀችልኝ። የዘገየሁት ለዚህ ነው።»

ቦርሳውን ከፈተ። አዲሱ ወረቀት ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንድም ቀይ የሌለበት ነው። ገጽ 203 ላይ አንድ መስመር ባዶ ቦታ አለ። ከገጽ 202 ጋር ደግሞ በአግራፍ የተያያዘ፣ ከተማሪ ደብተር በማስመሪያ ተስተካክሎ የተቀደደ ወረቀት። ጽሕፈቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፍ ቀጥ ያለና ትልልቅ ነው። ደራሲዋ አነበበች።

«ገጽ 202፦ "የማን ነሽ?" ብዬ መጠየቄ በትክክል ተጽፏል። መልሱን ሳልጠብቅ ሰላጣ ማሳለፌም እውነት ነው። አርባ ዓመት ሳስተምር ተማሪ ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አሳፍሮኛል። አራት ዓመት ብቻ ስላየሽው አባትሽ አርባ ገጽ ጽፈሻል። ስላሳደገችሽ ሴት ግን ስድስት ገጽ አገኘሁ። እኔም ያን ቀን ስለ እሷ አልጠየቅሁሽም፤ ሁለታችንም አንድ ስህተት ነው የሠራነው። እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ናት? እሷን ይዘሽ ነይ። ሁለታችሁንም እሰማለሁ። ሰላጣ አይኖርም።»

የመጨረሻዋን ቃል ስታነብ ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋ አብሮ ወረደ። እናቷ ዛሬ ጠዋት ተንበርክካ የተመኘችው እኮ ይህን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ስለ እሷ ይጠይቅ። የጠየቁት ደግሞ ማን ሆኑ? ደራሲዋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የጎደለ ግማሽ ስትፈልግ የኖረች ልጅ፣ ያልጎደለው ግማሿ በሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት ሲጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

«ስድስት ገጽ ነው እንዴ የጻፍኩት?» አለች ለራሷ ያህል። «ስድስት ገጽ ብቻ?»

«ስድስት ተኩል» አለ አራሚው። «ቆጥሬዋለሁ።»

«ለምን ጥያቄ አላያያዝክም ታዲያ?»

«እኔም አላስተዋልኩትም ነበር። ካንቺ ጆሮ ዓይኔን ማንሳት አቅቶኝ ነበር።»

አጣፊዎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ጋሼ ቀለም የግድግዳውን ሰዓት አዩና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጆቼ፣ ፍቅሩ ጥሩ ነው፤ ግን ማሽኑ ቆሟል። ይታተማል ወይስ አይታተምም?»

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» አለ አራሚው።

«ስንተኛው ገጽ ነው?» አለችው ደራሲዋ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

«ገጽ የለውም።»

ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ። ምላሱ ሊተሳሰር ሲል አየችው፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ወደ ኪሱ ሊሄድ የነበረውን እጁን በሌላው እጁ ያዘው። ከዚያ ጠቅላላው አዳራሽ እየሰማ፣ ቃሉን እየለየ፣ «ታገቢኛለሽ?» አላት።

አሁን ግን እልልታው ቀለጠ። ከአጣፊዎቹ አንዷ የያዘችውን ሙሉ እሽግ ለቀቀችው፤ ወረቀቱ መሬት ለመሬት ተበተነ። ጋሼ ቀለም ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዙረው፣ ምንም ዘይት የማይፈልገውን ዘንግ በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር።

ደራሲዋ በእጇ የቀረውን ቀይ ብዕር አየች። አዲሱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ባዶው መስመር ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈች፦ «ሰውየው ሰምቶ ነበር፤ የዘገየው መልሱ ነው።» ከዚያ ቅጹን ሳበች። «ጋሼ፣ የእናቴ ነገር በዚህ መጽሐፍ አይበቃም። ቀጥሎ የማመጣልዎት የሷን ነው፤ ብዙ ወረቀት ያዘጋጁ» አለች። «ይታተም» ከሚለው በታች ስሟን ጻፈች፤ የአባት ስም በሚለው ቦታም እንደ ሁልጊዜው የእናቷን አባት ስም። ስትጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቦታ የወሰደች አልመሰላትም።

«ይኸው» አለች።

ጋሼ ቀለም ፊርማውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ማስነሻውን ተጫኑት። ማሽኑ አንዴ አጓራ፣ ከዚያ ሙሉ ጉልበቱን አገኘ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ የሴቶቹ እልልታ በጩኸቱ ተዋጠ። አራሚው እዚያው ቆሟል። ላቡ አልደረቀም፤ የሱሪው ላስቲክ አልተፈታም፤ ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም።

ወደ ጆሮው አልተጠጋችም። ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል፣ ቤት ውስጥ ለብቻ እንደሚወራ ቀስ ብላ መልሷን ነገረችው።

ሰማት።